«ጓጓ» አውቶቡስ ነው ወይስ ሕፃን? የላቲና ሴቶችን ታሪክ ለመድረክ ስለማዘጋጀት

ፖርቶ ሪኮ ውስጥ «ጓጓ» ማለት አውቶቡስ ነው። ኩባም እንደዚያው። ቺሊ ስትደርሱ ግን ሕፃን ልጅ ይሆናል። አንዷ «ዛሬ ጓጓ አመለጠኝ» ብትል ሌላዋ ክው ልትል ትችላለች። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ አውቶቡሱ «ካሚዮን» ነው የሚባለው። እኛ ጋ ቢመጣማ አንድ የሆነ ነገር ያማረው ሰው ነው የሚሆነው።

ቋንቋው ግን አንድ ነው፤ ስፓኒሽ። ለዚህ ነው አንድ የቲያትር አዘጋጅ «ስለ ላቲና ሴቶች ተውኔት ላዘጋጅ ነው» ሲል መጀመሪያ «የየት አገር?» ብዬ መጠየቅ የሚያምረኝ። በአሜሪካ የ2020 ሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ራሳቸውን ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ ወይም ከስፔን የሚመዘዝ፣ ያሉ ሰዎች 62.1 ሚሊዮን ነበሩ። ከጠቅላላው ሕዝብ 18.7 በመቶ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ሜክሲኳዊው፣ ፖርቶ ሪካዊው፣ ኩባዊው፣ ዶሚኒካኑ፣ ሳልቫዶራዊው፣ ጓቲማላዊው ሁሉ አለ። ሴቷን «ላቲና» የሚለው ቃል ለቆጠራ ይመቻል። ለመድረክ ግን አይመችም። «ላቲና» የሚባል ሰፈር የለም። ያለችው ኢስት ሎስ አንጀለስ ያደገች፣ ሳን ሁዋን የተወለደች፣ ከሳንቶ ዶሚንጎ የመጣች ሴት ናት።

ይህን የማነሳው በአሜሪካ መድረኮች አንድ ክርክር በየጊዜው ስለሚያገረሽ ነው። የእነዚህን ሴቶች ታሪክ ማን ያዘጋጀው? ማን ይጫወተው? እንዴት ቢሠራ ነው ባለቤቶቹ አይተው «አዎ፣ ይሄ እኛ ነን» የሚሉት? መልሱ ብዙ ጊዜ ወደ ጌጡ ያዘነብላል። ደማቅ ቀሚስ፣ ጊታር፣ ወገብ የሚያወዛውዝ ዳንስ፣ ግድግዳ ላይ የጉዋዳሉፔ እመቤት ማርያም ሥዕል። በቃ፣ ላቲና ሆነ።

እስቲ ሥዕሏን ብቻ እንውሰድ። የጉዋዳሉፔ እመቤት የሜክሲኮ ናት፤ በዓሏ ዲሴምበር 12 ነው። ኩባዎች የካሪዳድ ዴል ኮብሬን እመቤት ሴፕቴምበር 8 ያከብራሉ። ዶሚኒካኖች አልታግራሲያን፣ ጃንዋሪ 21። ማርያም አንድ ናት። ግን ግሸንን ከጽዮን ለይቶ ለሚያከብር አገር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። የኩባ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ጉዋዳሉፔን የሰቀለ አዘጋጅ፣ ከተመልካቹ መሀል አንዲት የሃቫና አሮጊት ካለች ገና መጋረጃው ሲከፈት ተነቅቶበታል።

የሥዕሉስ ይሁን፤ በሚቀጥለው ቀን ይወርዳል። የወረቀቱ ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታረምም። ፖርቶ ሪካውያን ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ኩባዎች በ1966 የወጣ ሕግ ከሌላው ስደተኛ የተለየ አጭር መንገድ ከፍቶላቸዋል። ወረቀት የሌላት ሜክሲኳዊት ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይዘላል። እነዚህ ሦስት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ በሩን የሚያዩበት ዓይን ይለያያል። የኒው ዮርክ ፖርቶ ሪካዊት ሆና የምትጫወት ተዋናይ የፖሊስ ድምፅ ስትሰማ «እባረራለሁ» ብላ ከተንቀጠቀጠች አዘጋጁ የቤት ሥራውን አልሠራም። እሷ የምትፈራው ሌላ ብዙ ነገር ይኖራታል። ከአገር መባረርን ግን አይደለም።

ነገሩን በአንድ ተውኔት እንየው። «ሪል ዊሜን ሃቭ ከርቭስ» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «እውነተኛ ሴት ሰውነት አላት» እንደማለት ነው። ጸሐፊዋ ሆሴፊና ሎፔዝ ሜክሲኮ ተወልዳ በልጅነቷ ሎስ አንጀለስ የገባች፣ ለዓመታት ያለ ወረቀት የኖረች ሴት ናት። በእህቷ ስፌት ቤትም ሠርታለች። ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው በ1990 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። በ2002 ፊልም ሆነ። በ2025 ደግሞ ሙዚቃዊ ቲያትር ሆኖ የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ወዳሉበት ወደ ብሮድዌይ ገባ።

ታሪኩ የሚካሄደው በሴፕቴምበር 1987 ኢስት ሎስ አንጀለስ ባለች አንዲት ጠባብ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። አምስት ሴቶች አሉ። ኤስቴላ የስፌት ቤቱ ባለቤት ናት። እናቷ ካርመን፣ ታናሿ አና፣ ከዚያ ፓንቻና ሮሳሊ። የቀሚሶች ትእዛዝ ለማድረስ ቀን ከሌት ይሰፋሉ። አና ኮሌጅ መግባት ትፈልጋለች፤ ሽንት ቤት ገብታ ማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች። እናትየው አርግዣለሁ ብላ ታስባለች፤ ነገሩ ማረጥ ነው። ሮሳሊ ራሷን በዳየት ታሠቃያለች። ፓንቻ መውለድ አትችልም። ኤስቴላ ወረቀት የላትም።

እዚህ ጋ ቀን መቁጠሪያ ማንሳት ያስፈልጋል። በኖቬምበር 1986 ፕሬዝዳንት ሬገን የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1982 በፊት ጀምሮ አሜሪካ የኖሩ ወረቀት አልባ ሰዎች እንዲያመለክቱ ፈቀደ። ማመልከቻው ከሜይ 5 ቀን 1987 እስከ ሜይ 4 ቀን 1988 ክፍት ነበር። በሕጉ መሠረት 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ወረቀት አገኘ። እንግዲህ አስሉት። በሴፕቴምበር 1987 ኤስቴላ ስምንት ወር ይቀራታል። በሩ ክፍት ነው፤ ሰው እየገባ ነው፤ እሷ ግን ውጭ ቀርታለች። ይህን የምታውቅ ተዋናይ ሌሎቹ ስለ ወረቀታቸው ሲያወሩ ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነገር አዘጋጁ ሊያስተምራት አይችልም። ራሱ ነው የሚመጣው። ይህን የማታውቅ ተዋናይ «የተጨነቀች ስደተኛ» ሆና ትጫወታለች። ጭንቀት መጫወት ደግሞ ማንም ይችላል።

የተውኔቱ ዝነኛ ትዕይንት ሴቶቹ ልብሳቸውን አውልቀው በውስጥ ልብስ የሚቀሩበት ነው። የቆዳ ሸንተረራቸውን፣ የወሊድ ምልክታቸውን፣ ጠባሳቸውን እያወዳደሩ ይሳሳቃሉ። ብዙ አዘጋጅ ይህን ትዕይንት «ሰውነትሽን ውደጂ» የሚል ፖስተር አድርጎ ያቀርበዋል። መልእክቱ ደግ ነው፤ ግን ለምን አወለቁ? ስለሞቃቸው። ለምን ሞቃቸው? በሩ ስለተዘጋ። በሩ ለምን ተዘጋ? «ላ ሚግራ» እንዳይመጣ፤ የኢሚግሬሽን ፖሊሶችን እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው። ከዋሽንግተን የወጣ ሕግ ኢስት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በር አዘጋ፤ የተዘጋው በር ሙቀት አመጣ፤ ሙቀቱ ልብስ አስወለቀ፤ ልብሱ ሲወልቅ ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ተያዩ። ሳቁ ከፍርሃቱ ሆድ ነው የወጣው። አዘጋጁ ሙቀቱን ካላሳየ፣ ማለትም ላቡን፣ የሚጣበቀውን ጨርቅ፣ ወደ በሩ የሚሄደውን ዓይን ካላሳየ ትዕይንቱ የውስጥ ልብስ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል።

ትዕይንቱ ሌላም አደጋ አለው። መሳቅና መሳለቅ ቅርብ ናቸው። ተመልካቹ ከሴቶቹ ጋር ይስቃል ወይስ በሴቶቹ ይሳለቃል? ይህን የሚወስነው ቃለ ተውኔቱ ብቻ አይደለም። ማን መጀመሪያ ሳቀ? መድረክ ላይ ሴቶቹ ቀድመው ከሳቁ ተመልካቹ ይከተላቸዋል። ተዋናይቷ ተሸማቅቃ ቆማ ተመልካቹ ከሳቀ ግን አለቀ። ስለዚህ አዘጋጁ ይህን ክፍል በዝግ ነው ማለማመድ ያለበት። ማን እንደሚገባ፣ መቼ ምን እንደሚወልቅ፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ሴቶቹ ራሳቸው ተስማምተውበት። ሃፍረት ያለባት ተዋናይ ነፃነትን መጫወት አትችልም።

ወደ አነጋገር ልምጣ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እናትየው ካርመንና ጓደኞቿ በእውነተኛው ሕይወት እርስ በርስ ሲያወሩ በስፓኒሽ ነው የሚያወሩት። ተውኔቱ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስፓኒሽ ቃል ጣል ጣል ይልበታል። እንግሊዝኛው ስፓኒሹን ተክቶ ነው የቆመው ማለት ነው። ታዲያ ሰው በገዛ ቋንቋው ሲናገር ይንተባተባል? ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ን በአማርኛ ሲያመጣልን የዴንማርኩ ልዑል በተሰባበረ አማርኛ አልተናገረም። በግጥም ነው የተናገረው፤ ምክንያቱም ልዑሉ በቋንቋው ነው ያለው። ካርመንም ከፓንቻ ጋር ስታወራ በቋንቋዋ ናት። ፈጣን፣ ተሳዳቢ፣ ጨዋታ አዋቂ መሆን አለባት። ጎልቶ የተጋነነ ቅላጼ የሚጫንባት ከሆነ አዘጋጁ ሴትዮዋን በገዛ ቤቷ እንግዳ አደረጋት።

ከአና ጋር ስታወራ ግን ሌላ ነው። እናት በስፓኒሽ ትጀምራለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይገለበጣል። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ የሐበሻ ቤት ይህን ሙዚቃ ያውቀዋል። «ብሌኔ፣ ነይ ብዪ እንጂ»፣ «ማሚ፣ አይም ካሚንግ!» መቀያየሩ ሥርዓት አለው። ቁጣ በአንዱ፣ ልመና በሌላው፣ ምስጢር ደግሞ ልጆቹ በማይሰሙት። አዘጋጁ ስፓኒሽ የሚገባበትን ቦታ በስሜት ካልለየው ቃላቱ እንደ ሚጥሚጣ የተነሰነሱ ይሆናሉ።

ተመልካቹስ? ስፓኒሽ የማይሰማው ይተርጎምለት ወይ? በ2009 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ስለሚጋጩ የፖርቶ ሪካውያንና የነጭ ወጣቶች ቡድኖች የሚያወራው ሙዚቃዊ ቲያትር፣ ብሮድዌይ ላይ እንደገና ሲወጣ የሙዚቃ ደራሲው ሊን ማኑዌል ሚራንዳ አንዳንድ ዘፈኖችንና ቃላትን ወደ ስፓኒሽ መልሷቸው ነበር። ትርኢቱ ከተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ የተወሰኑት ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ። በ2021 ስቲቨን ስፒልበርግ ታሪኩን በፊልም ሲሠራው ስፓኒሹን ያለ ትርጉም ጽሑፍ ተወው። ያልገባው ይከታተል አለ ማለት ነው። እኔ በዚህ ከስፒልበርግ ጋር ነኝ። ቲያትር ውስጥ ያልገባኝ ቃል አያስቀይመኝም። ሴቶቹ ሲስቁ እኔ ሳይገባኝ መቅረቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ቤቱ የእነሱ እንደሆነ።

(እኛም ንጹሕ አይደለንም። የገጠር ሰው ወይም የጉራጌ ነጋዴ አፉን እንደከፈተ በአነጋገሩ ብቻ የሚሳቅበት ስንት ኮሜዲ አይተናል።)

ስለ እጅ ልናገር። ስፌት ቤት ላይ ያለ ተውኔት ውስጥ ስፌት የማትችል ተዋናይ ያስታውቃል። እኛ ቤት የነበረችው በእግር የምትረገጠው ሲንጀር ሌላ ናት። የፋብሪካው መኪና በኤሌክትሪክ ይሮጣል፤ ፔዳሉን ጠንከር አድርገው ከረገጡት ጨርቁን ነጥቆ ይሄዳል። የለመደች ሰፊ ዓይኗ መርፌው ላይ ሆኖ ወሬዋን አታቋርጥም። ጀማሪዋ ወሬዋን አቁማ ነው የምትሰፋው። ለተዋንያን ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ተውኔቱ ሁሉ እየሰፉ ማውራት ነውና። አዘጋጅ ብሆን ቃለ ተውኔቱን ከማስጠናቴ በፊት ዕድሜዋን ስፌት ቤት የፈጀች ሴት ልምምዱ ላይ አመጣና ደመወዝ ከፍዬ አስተምሪልኝ እላት ነበር። ወገብ እንዴት እንደሚታመም፣ ክር በጥርስ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ሰዓት ሳይታይ የምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚታወቅ። ፊልሙ ላይ ሴቶቹ በ18 ዶላር የሚሰፉት ቀሚስ ሱቅ ውስጥ 600 ዶላር ይሸጣል። የዚያን ልዩነት ክብደት የምታስተላልፈው ጣቷን በመርፌ የተወጋች ተዋናይ ናት።

ደግሞም ይህቺ ሴት አስተማሪ ብቻ እንድትሆን አልፈልግም። «ይሄማ ውሸት ነው» ማለት እንድትችል እፈልጋለሁ። ብዙ ቲያትር ቤት የባሕል አማካሪ ይቀጥራል፤ የሚጠራው ግን ልብሱ ከተሰፋ፣ መድረኩ ከተሠራ፣ ቲኬቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። ያኔ አማካሪው ምን ይላል? ወጡ ከወጣ በኋላ ቅመም ቢነሰንሱበት አይዋሐድም። አማካሪ ማለት ተዋንያን ሲመረጡ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ፣ «አይሆንም» ሲል የሚሰማ ሰው ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ። ማን ይጫወት? የድሮው ታሪክ አሳፋሪ ነው። በ1961ዱ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ፊልም ፖርቶ ሪካዊቷን ማሪያን የተጫወተችው ናታሊ ዉድ ናት፤ ዘፈኑም የሌላ ሴት ድምፅ ነው። እውነተኛዋ ፖርቶ ሪካዊት ሪታ ሞሬኖ አኒታን ተጫውታ ኦስካር ወሰደች። ግን እሷንም ፊቷን አጠቁረው ቀብተዋት ነበር። ሻርክስ የሚባለው የፖርቶ ሪካውያኑ ቡድን ሁሉ በአንድ ቀለም እንደተቀባ በኋላ ደጋግማ ተናግራለች። በ«ሪል ዊሜን» ፊልም ካርመንን የተጫወተችው ሉፔ ኦንቲቬሮስ ደግሞ በሕይወቷ 150 ጊዜ ያህል የቤት ሠራተኛ ሆና እንደተጫወተች ትናገር ነበር። መቶ ሃምሳ! እንዲህ ያለ ሒሳብ ባለበት ቦታ «ትወና እኮ ያልሆኑትን መሆን ነው» የሚለው መከራከሪያ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ያልሆኑትን የመሆን ዕድል የሚሰጠው ለአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ጨዋታው ፍትሐዊ አይደለም። በ2016 ቺካጎ ውስጥ «ኢን ዘ ሃይትስ»፣ ስለ ኒው ዮርኩ ዋሽንግተን ሃይትስ ሰፈር የሚያወራው የሚራንዳ ሙዚቃዊ ቲያትር፣ ሲዘጋጅ የዶሚኒካኑን መሪ ገጸ ባሕርይ ላቲኖ ያልሆነ ተዋናይ ያዘው። ከነዋሪዋ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ላቲኖ በሆነ ከተማ! ቁጣው አይገርምም።

ሆኖም ነገሩን ወደ ደም ምርመራ መውሰድ ሌላ ገደል ነው። በ2025ቱ ብሮድዌይ ሜክሲኳዊቷን እናት ካርመንን የተጫወተችው ጀስቲና ማቻዶ ናት፤ ቺካጎ የተወለደች ፖርቶ ሪካዊት። ለብሮድዌይ ትልቅ ሽልማት፣ ለቶኒ፣ ታጭታበታለች። አዘጋጁ ሰርጂዮ ትሩሂዮ ኮሎምቢያ ተወልዶ ካናዳ ያደገ ሰው ነው። የ2002ቱን ፊልም የሠራችው ፓትሪሺያ ካርዶሶም ኮሎምቢያዊት ናት። እንግዲህ ይህን የኢስት ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ታሪክ ሁለት ጊዜ ለትልቅ ተመልካች ያቀረቡት ኮሎምቢያ የተወለዱ ሰዎች ናቸው። ጥሩ አዘጋጅ ከራሱ ሰፈር ውጭ መሥራት ይችላል። ሰፈሩ የእሱ እንዳልሆነ ካወቀ፣ መንገድ ከጠየቀ። ከተማዋ ውስጥ አንዲት ላቲና ተዋናይ የለችም የሚል አዘጋጅ ካለ ግን ምክሬ አጭር ነው። ሌላ ተውኔት ምረጥ፤ ዓለም በተውኔት የተሞላ ነው።

የቆዳ ቀለምም አለ። «ኢን ዘ ሃይትስ» በ2021 ፊልም ሲሆን ሰፈሩ ጠቆር ባሉ ዶሚኒካኖች የተሞላ ሆኖ ሳለ መሪዎቹ ተዋንያን ቀላ ያሉ ናቸው ተብሎ ተወቀሰ። ሚራንዳ ይቅርታ ጠየቀ። ኒው ዮርክ የኖረ ሐበሻ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዋሽንግተን ሃይትስ ባቡር ጣቢያ ላይ በስፓኒሽ መንገድ ተጠይቆ ያውቃል፤ ዶሚኒካን መስሏቸው። እኛን ወገን አድርጎ የሚያይ ሰፈር ቀላ ባሉ ብቻ ሲሳል ደስ አይልም።

የ2025ቱ ሙዚቃዊ ቲያትር ብሮድዌይ ላይ በይፋ የተከፈተው ኤፕሪል 27 ነው። የተዘጋው ጁን 29። በመሀል፣ ጁን 6 ቀን፣ የፌዴራል ኢሚግሬሽን ፖሊሶች ሎስ አንጀለስ ላይ ዘመቻ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን ከገቡባቸው ቦታዎች አንዱ በከተማዋ የልብስ ሰፈር ያለ የልብስ ድርጅት ነበር። የ1987ቱ ታሪክ ኒው ዮርክ ላይ በየምሽቱ እየታየ፣ ተመሳሳዩ በዚያው ሎስ አንጀለስ በቀን ብርሃን ተደገመ።

ከእንግዲህ ይህን ተውኔት የሚያነሳ አዘጋጅ አንድ ፈተና ይጠብቀዋል። ግድግዳው ላይ የዘመኑን ዜና በፕሮጀክተር ማሳየት፣ የፖሊስ ጭንብል መጨመር፣ ለተመልካቹ «ይሄ ዛሬም አለ» ብሎ መጮህ ያምረዋል። እኔ ብሆን አላደርገውም። መኪኖቹን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አስጮኻቸዋለሁ። ሴቶቹ በጩኸቱ ላይ ያወራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ። ተመልካቹ ድምፁን ለምዶት መስማቱን ይተዋል። ከዚያ ውጭ አንድ ያልታወቀ ቫን ይቆማል፤ ኤስቴላ እጇን ታነሳለች፤ አምስቱም እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ ያነሳሉ። የዚያን ጊዜ የሚመጣው ዝምታ ይበቃል።